የመስፉ ሠሪ ማን ነው?

የአንድ አገር ታሪክ የሚጻፈው በብራና ላይ ብቻ አይደለም። በድንጋይም፣ በሸክላም፣ በእንጨትም፣ በብረትም ላይ ይጻፋል። በብራና ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ፊደል የቈጠረ ሰው ይበቃል፤ በብረት ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ግን ዓይንም፣ እጅም፣ ጆሮም፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው ነገር ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይኸውም አንድ አሮጌ የቀጥቃጭ መስፍ ቢገኝ፣ ሠሪው ማን እንደ ሆነ፣ ዕድሜውም ምን ያህል እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የምንመረምረው በጎንደር ከተማና ከእርስዋ በስተ ሰሜን ባለው ደጋ፣ በወገራና በስሜን አገር ያለውን የባለ እጆች ታሪክ መነሻ በማድረግ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ ነገር ለቀጥቃጭ እንጂ በጽሕፈት ቤት ለሚውል ሰው ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከማንም ይልቅ የሚመለከተው እርሱን ነው እንላለን። አሮጌ ዕቃ ከገጠር ወጥቶ ወደ ቤተ መዘክር ወይም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት በገባ ጊዜ፣ በመዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው «አሮጌ ብረት፣ ብዛት 1» ብሎ የጻፈው እንደ ሆነ ዕቃው ለዘለዓለም አሮጌ ብረት ሆኖ ይቀራል። ያየውንና የሰማውን ለይቶ የጻፈው እንደ ሆነ ግን፣ ያው ብረት የታሪክ ምስክር ይሆናል።

አስቀድመን መስፍ ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። በግዕዝ ሰፍሐ ማለት ሰፋ፣ ተዘረጋ ማለት ነው፤ መስፍም ብረት ተቀጥቅጦ የሚሰፋበት፣ የሚሳሳበትና የሚቃናበት መደገፊያ ነው። ወናፉ ሲነፋ ከሰሉ ይፋፋማል፤ ብረቱም በግሎ ሲቀላ በጉጠት ተይዞ በመስፉ ላይ ይጋደማል፤ ከዚያ በኋላ መዶሻው ይወርድበታል። እንግዲህ የመዶሻውን ኃይል ተቀብሎ የሚመልሰው መስፉ ነው። መስፉ ልል የሆነ እንደ ሆነ የቀጥቃጩ ጕልበት በከንቱ ይጠፋል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ መሮ፣ ወስፌ፣ ልጓም፣ ጦር ሁሉ በእርሱ ላይ አልፈዋል። የጎንደርን አብያተ መንግሥት ድንጋይ የጠረበው መሮ እንኳ፣ ሲዶለዱም ተመልሶ የሚሳለው ከመስፍ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሠሪያቸው በቀላሉ የሚታወቅ መስፎች ከአውሮፓ ፋብሪካ የወጡት ናቸው። ቅርጻቸው ራሱ ይናገራል፤ በአንድ ወገን እንደ ቀንድ ሾሎ የወጣ ክፍል አላቸው፤ ፊታቸው ዝርግ ነው፤ በፊታቸውም ላይ አንድ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ ብዙ ጊዜም በአጠገቡ አንድ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር መስፎች ላይ ይህ ትንሽ ክብ ቀዳዳ መለመድ የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ስለ ሆነ፣ ክብ ቀዳዳ የሌለው መስፍ ከዚያ ዘመን የሚቀድም ሊሆን እንደሚችል ይገመታል።

በጐናቸውም ላይ የሠሪው ስም ታትሞ ይገኛል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር በደድሊ ከተማ ይሠራ የነበረው የፒተር ራይት ፋብሪካ ስሙን በመስፉ ጐን ያትም ነበር። የእንግሊዝ ሠሪዎች ክብደቱንም የሚጽፉት በሦስት ቍጥሮች ነው። የመጀመሪያው ቍጥር በ112 ፓውንድ፣ ሁለተኛው በ28 ፓውንድ ይባዛል፤ ሦስተኛው ግን እንዳለ ይደመራል። ስለዚህ በመስፉ ላይ 1፣ 2፣ 14 የሚል ቢገኝ፣ 112 ሲደመር 56 ሲደመር 14፣ በጠቅላላው 182 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 83 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በኪሎ ግራም የተጻፈ አንድ ቍጥር ብቻ ያለበት መስፍ ግን የእንግሊዝ ሳይሆን የሌላው የአውሮፓ ክፍል ሥራ መሆኑን ያመለክታል። ደግሞም አሜሪካ በ1890 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ባወጣችው የቀረጥ ሕግ፣ ወደ እርስዋ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላዘዘች፣ «ኢንግላንድ» የሚል ቃል የተጨመረበት መስፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

ጽሕፈቱ በዝገት ተሸፍኖ የማይነበብ ሲሆን፣ በሞረድ መፋቅ ወይም ቀለም መቀባት ታላቅ ስሕተት ነው። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ጠመኔ ማሸት፣ ወይም ስስ ወረቀት አልብሶ ወረቀቱን በከሰል ማሸት ይበቃል። የጠፋ የመሰለው ፊደል ብዙ ጊዜ በዚህ ዘዴ ይገለጣል።

እንዲህ ያለው የፋብሪካ መስፍ በጎንደር አካባቢ ቢገኝ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የጠላት ወረራ ዘመን ነው። የኢጣልያ ጦር ጎንደር የገባው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ የነበረው የመጨረሻው የጠላት ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ለመንገድ ሥራና ለመኪና እድሳት ብዙ መሣሪያ ወደ አገሩ ገብቷል። ጠላት ሲባረርም መሣሪያውና የተሰባበረው መኪና በየስፍራው ቀርቷል። የጎንደርና የአካባቢዋ ባለ እጆች ከዚያ ወዲህ ከመኪና ባሌስትራ ማጭድና ቢላዋ መሥራት ለመዱ።

በዚህ ላይ አንባብያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። የሥራ ቤት ቃላት ራሳቸው የዘመን መለኪያ ናቸው። ባሌስትራ፣ ሞርሳ፣ ፌሮ፣ ካቻቢቴ የሚባሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዕቃዎቹም ከቃላቱ ጋር የመጡ መሆናቸውን ያሳያሉ። ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ መስፍ የሚሉት ግን የአገሩ የቆዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ስለ መሣሪያው ሲናገር የሚጠራበትን ስም እንዳለ መጻፍ፣ የመሣሪያውን ጐን የማንበብ ያህል ጥቅም አለው።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ጽሕፈት ስላለበት መስፍ ነው። ነገር ግን የጎንደርና የደጋው አገር ቀጥቃጮች ለብዙ ዘመን የሠሩበት መስፍ ቀንድም፣ ቀዳዳም፣ የፋብሪካ ስምም የለውም። በአገራችን በብዙ ስፍራ ጠንካራ ድንጋይ ራሱ መስፍ ሆኖ ያገለግል ነበር። የብረቱም መስፍ ቢሆን ብዙውን ጊዜ አጭር፣ ድፍን፣ በግንድ ላይ ወይም በመሬት ውስጥ የሚተከል ብረት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ምን ብለን እንመረምረዋለን?

መጀመሪያ የአሠራሩን ዐሻራ እንመለከታለን። በፋብሪካ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ውስጡ አንድ ወጥ ነው። በአገር ቤት ምድጃ፣ በእንጨት ከሰልና በወናፍ ከአፈር የተለየ ብረት ግን ጨርሶ ስለማይቀልጥ፣ በውስጡ የዝቃጭ ክር ይቀርበታል፤ በተሰበረበት ወይም በተበላበት በኩል ቢመለከቱት እንደ እንጨት ጭረት ያለ መስመር ይታይበታል። ሁለተኛ፣ አበላሉን እንመለከታለን። ብዙ ትውልድ የሠራበት መስፍ መካከሉ ጐድጕዶ፣ ጠርዙ ተሸራርፎ ይገኛል፤ የጐደጐደበት ወገንም ሠራተኛው በየት በኩል ተቀምጦ ይሠራ እንደ ነበር ያመለክታል። ነገር ግን መጐድጐድ የሥራ ብዛት ምልክት እንጂ የዓመታት ቍጥር አይደለምና፣ በዚህ ብቻ ዕድሜ አይፈረድም።

ሦስተኛው የዘመናችን ሳይንስ የሰጠው መንገድ ነው። በእንጨት ከሰል የተሠራ ብረት ከከሰሉ ጥቂት ካርቦን ይወስዳል፤ ያም ካርቦን ዛፉ በሕይወት የነበረበትን ዘመን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከብረቱ ጥቂት ተወስዶ በላቦራቶሪ ቢመረመር፣ ከሰሉ የተቃጠለበት ዘመን በግምት ይታወቃል። በድንጋይ ከሰል የተሠራ የፋብሪካ ብረት ግን፣ ካርቦኑ እጅግ ከጥንት ዘመን ዕፀዋት የመጣ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ዐይነት አቈጣጠር አይመችም፤ ይህም ራሱ ብረቱ የአገር ቤት ሥራ አለመሆኑን ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ሁለት ወሰን አለው። አንደኛ፣ ቀጥቃጭ ብረት አይጥልም። የተሰበረውን ማረሻ ከአሮጌው መጥረቢያ ጋር አግሎ አንድ ያደርገዋል። ስለዚህ የብረቱ ዕድሜና የመስፉ ዕድሜ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪ ዘመን ይነግረናል እንጂ የሰው ስም አይነግረንም። ስሙን ለማወቅ ከብረቱ ወደ ሰዎቹ ታሪክ መመለስ ግድ ይሆናል።

በጎንደር አገር ብረት ሥራ ሲነሣ ከማንም አስቀድሞ የሚታወሱት ቤተ እስራኤል ናቸው። ባለ እጆች ሁሉ ቤተ እስራኤል አልነበሩም፤ ዳሩ ግን በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራና በስሜን የብረቱና የሸክላው ሙያ በብዛት የተያዘው በእነርሱ ነበር። ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ወደዚህ ሙያ ያዘነበሉበት ምክንያት በመሬት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነገሠው በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ የክርስትናን ጥምቀት ያልተቀበለ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ታዘዘ ተብሎ ይተረካል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በስሜን የነበራቸው ኃይል ተሰበረ። ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ይሆናል፤ ወይም በእጁ ሙያ ይኖራል። መሬት ሊወሰድ ይችላል፤ የእጅ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ መስፉም ቢሆን ከግንዱ ተነቅሎ በአህያ ይጫናል።

ጥቂት ቆይቶ አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ባደረገ ጊዜ፣ ግንብ ለሚሠራ ንጉሥ ግንበኛም፣ አናጢም፣ ብረት ሠሪም አስፈለገው። ቤተ እስራኤልም በዚህ ሥራ ገብተው ለከተማይቱ መሠራት ብዙ አገልግለዋል። ነገር ግን የፋሲለደስ ልጅ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1668 በጎንደር ባደረገው ጉባኤ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ። የከተማይቱ ሰፈር አቀማመጥ እስከ ረጅም ዘመን ድረስ የዚህን ውሳኔ መልክ ይዞ ኖሯል። ይህ ታሪክ ለምርመራችን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አንድ መስፍ ከየትኛው ሰፈር ወይም ከየትኛው መንደር እንደ ወጣ ከታወቀ፣ የየትኛው ማኅበረ ሰብ ሥራ እንደ ሆነ ለመገመት መንገድ ይከፍታልና። ከጎንደር ጥቂት ኪሎ ሜትር በስተ ሰሜን ያለችው ወለቃ፣ እንደዚሁም አምቦበር፣ በዚህ ረገድ የታወቁ መንደሮች ናቸው። በነዚህ መንደሮች ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት ስለማይነድድ፣ ወናፉም መስፉም ሰንበትን ያከብሩ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሰጡ ሰዎች ስማቸው ለምን አልተጻፈም? መልሱ የሚያሳዝን ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ወታደሩ ያለ ጦር አይዘምትም፤ ዳሩ ግን ማረሻውንና ጦሩን የሚሠራለትን ሰው «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያለ ይሸሸው ነበር። በመከር ጊዜ እህል ሰፍሮ ዋጋውን ይከፍለዋል፤ በማዕድ ግን አብሮት አይቀመጥም። ይህ ክፉ ልማድ አገሪቱን ምን ያህል እንደ ጐዳት የተረዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ ግን ከሰው ልብ ውስጥ አጕል እምነትን በአንድ ቀን አላወጣም። የተናቀ ሰው ስሙ በዜና መዋዕል አይገባም፤ ስሙም በብራና ካልገባ በብረቱ ላይ ሊቀርጸው አይደፍርም።

ይህን በጉልህ የሚያሳይ ምሳሌ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ በዚያ የብረትና የመድፍ ሥራ ቤት አቋቁመው እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ተሠርቶ በሰው ጕልበት እየተጐተተ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም በዚያው አለ። ይህን መድፍ ማን ሠራው? ብትሉ መልሱ በመጽሐፍ ይገኛል። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ሞሪትስ ሃል የተባሉት አውሮፓውያን በጋፋት ሥራ ቤት እንደ ነበሩ ተጽፏል፤ ዋልድማየርም የሕይወቱን ታሪክ ራሱ አሳትሟል። ነገር ግን በዚያ ሥራ ቤት ወናፍ የነፉት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ መዶሻ ያነሡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ሳሉ፣ የእነርሱን ስም ዘርዝሮ የጻፈ የለም። እንግዲህ የመድፉ ሠሪዎች የታወቁት ጽሑፍ ስለ ነበራቸው ነው፤ የመስፉ ሠሪ የተሰወረውም የሚጽፍለት ስለ ታጣ ነው። ልዩነቱ በብዕር እንጂ በሙያ አልነበረም።

ጽሑፍ ሲታጣ ቃል ይተካዋል። በባለ እጅ ቤት ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መሣሪያውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የአንድን መስፍ ሠሪ ለማወቅ ዋነኛው ማስረጃ የወራሾቹ ቃል ነው፤ ይህን የአባቴ አባት አሠራው፣ ብረቱ ከዚህ አገር መጣ፣ በዚህ ንጉሥ ዘመን ከዚህ መንደር ወደዚህ ተሻገረ የሚለው ምስክርነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምስክር ከብዙ ስፍራ ርቋል። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ድረስ በሱዳን በኩል 8,000 ያህል ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ፣ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ሰው በአውሮፕላን ሲሄድ መስፍ አይጭንም። ብረቱ በጎንደር ቀረ፤ የብረቱን ታሪክ የሚያውቀው ሽማግሌ ግን ባሕር ተሻገረ። በዚያም ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሙያ አደጉ። ያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አረጋውያን ናቸው። መስፉ ሌላ መቶ ዓመት ሊቈይ ይችላል፤ ምስክሩ ግን አይቈይም።

ስለዚህ ከክቡራን አንባብያን፣ ይልቁንም በየጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የምትይዙትን፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። አሮጌ መስፍ፣ ወናፍ ወይም መዶሻ ወደ እጃችሁ በመጣ ጊዜ፣ ክብደቱንና ርዝመቱን ከመጻፍ ጋር እነዚህን ጨምራችሁ ጻፉ። ከየትኛው መንደርና ከየትኛው ቤት ወጣ? ያመጣው ሰው ከማን አገኘው? ያም ሰው ከማን ወረሰው? በአካባቢው ቋንቋ ስሙ ምንድን ነው? ምን ይሠራበት ነበር? ብረቱ ከየት መጣ ይባላል? ባለቤቱ በቦታው ከሌለ የጎረቤቱን ቃል ጻፉ፤ የሰማችሁትን «እንደ ተነገረው» ብላችሁ፣ ያያችሁትን «እንደ ታየው» ብላችሁ ለዩ። ግምትን ከእውነት ጋር አትቀላቅሉ። መስፉ የማን እንደ ሆነ በትክክል ባይታወቅ እንኳ፣ የመጣበት መንደር ከታወቀ ነገ የሚነሣ ተመራማሪ የቀረውን ያገኘዋል። መንደሩም ከጠፋ ግን ለተመራማሪው መነሻ አይኖረውም።

የጎንደር አብያተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ይህም የሚገባ ክብር ነው። ግንቡን የሚጐበኝ ሁሉ የአፄ ፋሲለደስን ስም ይዞ ይመለሳል። የድንጋዩ መጥረቢያ የተሳለበት መስፍ ግን በግንብ ላይ ስም የለውም፤ ስሙ የሚገኘው እኛ በመዝገብ የጻፍነው እንደ ሆነ ብቻ ነው። በቀድሞው ዘመን ንቀት ብዕሩን ከባለ እጁ ከለከለው። ዛሬ ብዕሩ በእናንተ እጅ ነው፤ ስለዚህ ሳይዘገይ ይጻፍ።